የወንድማማቾቹ ውርርድ

በቆሎና አኩሪ አተር እስከ አድማስ በተዘረጋበት የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። አባታቸው ከዘመቻ ተመልሶ በአካባቢው የዘማቾች ማኅበር ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋ ነበርና ልጆቹም በየተራ እዚያው ባንድ ውስጥ አደጉ። ዕድሜያቸው ሞልቶ ሲሰናበቱ ግን ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። ታላቁ በመጋዘን ሥራ ከበረ፤ ታናሹ በአንዲት ትንሽ ከተማ መድን እየሸጠ ኑሮውን ገፋ። ሁለቱም በየፊናቸው ድረም ኮር አቋቋሙ። ይህ የሆነ ታሪክ አይደለም፣ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ስም አልሰጣቸውም፤ አንባቢም እነማን ይሆኑ ብሎ አይድከም።

ድረም ኮርን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበል። በበዓል ቀን የምናየውን የፖሊስ ማርሽ ባንድ ያስብ። ክላርኔቱን፣ ሳክስፎኑንና ፍሉቱን ያስወጣና ነሐሱንና ከበሮውን ብቻ ያስቀር። ባንዲራ የሚያውለበልቡ፣ የእንጨት ጠመንጃ ወደ ላይ ወርውረው የሚቀልቡ ልጆች ይጨምርበት። ከዚያ ይህን ሁሉ ሰው በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ይበትነውና እየነፋና እየመታ ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ያስሩጠው። ትልልቆቹ ቡድኖች ከ150 በላይ ልጆች ይዘው ይወጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሞላው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ይሰናበታል። ትርኢቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለዚያች ደቂቃ ልጆቹ ከኅዳር ጀምሮ ይፈተናሉ፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ ያጠናሉ፤ ከግንቦት ጀምሮ ከማለዳ እስከ ምሽት ይለማመዳሉ፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደራሉ። ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ ያንቀላፋሉ፣ ጎሕ ሲቀድ በማያውቁት ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ በከባድ መኪና ላይ ከተሠራ ወጥ ቤት ተሰልፈው ይበላሉ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈላቸው እንዳይመስልዎ። የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር። ደመወዝ ያለው ለአስተማሪዎቹ ነው፤ እሱም ቢሆን ለብዙዎቹ ኑሮ የሚሞላ አይደለም።

የታላቁ ወንድም ኮር ስመ ጥር ነበር። በየኅዳሩ አራት መቶ ልጆች ሊፈተኑ ይመጣሉ፤ ሁለት መቶ ሃምሳው አልተሳካላችሁም ተብለው ይመለሳሉ። ሙዚቃ አቀናባሪው፣ የሜዳ እንቅስቃሴ ነዳፊው፣ የመለከቱና የከበሮው አለቆች ሁሉ ስማቸው ሲጠራ ሌላው ኮር የሚቀናባቸው ሰዎች ናቸው። የታናሹ ኮር ግን የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሰማንያ ልጅ ካገኘ ዓመቱ ቀንቶታል ይባላል። ነፊ ጠፍቶ ቱባው ከሣጥኑ ሳይወጣ የከረመበት ጊዜም ነበር። አስተማሪዎቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። ከበሮውን የሚያስተምረው ሰው የጎማ መጠገኛ ሱቅ አለው፤ መለከቱን የምታስተምረው ሴት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የባንድ መምህርት ናት።

አንድ ዓመት በምስጋና ቀን እራት ላይ ወንድማማቾቹ ተነካከሱ። ታላቁ እንደ ልማዱ የአሸናፊነት ዋንጫውን ሲያነሣ ታናሹ አልቻለም።

«ያንተን ልጆች ባገኝ እኔም አሸንፍ ነበር» አለ።

«ልጆቹን?» ሳቀ ታላቁ። «ልጅ ልጅ ነው። እኔ ገንዘቤን ያፈሰስኩት አስተማሪ ላይ ነው። የኔ ሰዎች ያንተን ሰማንያ ልጆች ቢይዟቸው የት እንደሚያደርሷቸው ባየህ!»

«እንግዲያው ስጠኛ! የኔን አስተማሪዎች አንተ ውሰድ። ልጆቹ ባሉበት ይቆዩ።»

በመካከላቸው የነበረው ወይን ይሁን ወይም የሠላሳ ዓመት ቅናት፣ በዚያው ምሽት ተጨባበጡ። መያዣው የአባታቸው ጥሩምባ ሆነ፤ አንድ ፒስተን ብቻ ያላት፣ ከታላቁ ሳሎን የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ ጥሩምባ። አስተማሪዎቹ እንዴት እሺ እንዳሉ አትጠይቁኝ። ምሳሌ ነው ብያለሁ።

ስመ ጥሮቹ አስተማሪዎች ወደ ትንሹ ኮር ሲመጡ ልጆቹ ፎቶግራፍ ለመነሣት ተሰለፉ። የሙዚቃው ድርሰት ተጻፈ፣ የሜዳው ንድፍ ተሠራ፤ ሁለቱም የሚያምሩ ነበሩ። ችግሩ ወረቀት ላይ ብቻ ማማራቸው ነው። ጸሐፊዎቹ በልባቸው ይሰሙት የነበረው የድሮዎቹን ልጆቻቸውን ድምፅ ነበር። በግንቦት ልምምድ ሲጀመር የመለከት አለቃው «ከታች ተንፍሱ» አለ። ልጆቹ ተያዩ። «ከታች!» ደገመላቸው። አንዱ ጎንበስ አለ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ነገር ግን ለአሥራ አምስት ዓመት መተንፈስ የማያውቅ ልጅ ፊቱ ቆሞ አያውቅም። እንዲህ ያሉት ሁሉ በኅዳር ተመልሰዋል። የእሱ ሙያ ከመቶ ዘጠና አምስት የሚያመጣውን ዘጠና ስምንት ማድረስ ነው። ሠላሳ የሚያመጣውን ሃምሳ ማድረስ ሌላ ሙያ ነው፤ ከላይ ሲያዩት የሚያንስ ይመስላል እንጂ አያንስም። በሐምሌ አጋማሽ ሁለት ገጽ ሙዚቃ ተቀደደ፣ የመጨረሻው ሩጫ ወደ ሶምሶማ ተለወጠ፣ ልጆቹም በስንት ላብ ያጠኑትን እንደ ገና መርሳት ነበረባቸው። በነሐሴ ለፍጻሜው ውድድር ኢንዲያናፖሊስ ሲደርሱ ያገኙት ደረጃ ካለፈው ዓመት ያው ነበር፦ ከመጨረሻው ሁለተኛ።

በትልቁ ኮር የሆነው ሌላ ነው። መምህርቷ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ስታስነፋቸው ዋለች። ነባሮቹ በዓይናቸው ተሳሳቁ። አራተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ልጅ «ይህን የተማርነው ስድስተኛ ክፍል ነው» ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማችው፤ ዝም አለች። ማታ ማታ ግን የሆነውን አየች። ነባሮቹ አዲሶቹን እየወሰዱ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የመኪና ማቆሚያው መብራት ሥር፣ ያለማንም ትእዛዝ ያስጠኗቸው ነበር። አንዱ በአፉ ሜትሮኖም ሆኖ ይቆጥራል፣ ሌላው የአዲሱን ልጅ ክርን ያቃናል። ጫማ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ውኃ መቼ እንደሚጠጣ፣ ዳኛ ሲቀርብ ዓይን የት እንደሚያይ ሳይቀር ያወርሱ ነበር። መምህርቷ ጣልቃ አልገባችም። ኮሩ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛውን ያጣው ከአንድ ነጥብ ሩብ በማይሞላ ልዩነት ነው።

ጥሩምባዋ ወደ ታናሹ ቤት ሄደች። «ልጆቹ ናቸው፣ አላልኩህም?» አለ።

«አንድ ዓመት ዓመት አይባልም» አለ ታላቁ። «ያንን የነፉት የኔ አስተማሪዎች ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው። አንድ ዓመት ጨምርና እናያለን።»

ተጨመረ። በትልቁ ኮር ሃምሳ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ሞልቶ ሄዱ፤ ከመካከላቸው አብዛኞቹ ከመብራቱ ሥር ያስተምሩ የነበሩት ናቸው። በኅዳር ሊፈተን የመጣውም አራት መቶ አልሞላም። ወጣት የሚከተለው ስም ነው፤ ስሞቹ ደግሞ ሄደዋል። የትንሹ ኮር አስተማሪዎች የቀሩትን ከመሠረቱ ጀምረው ሊያንጹ ተነሡ። ታላቁ ወንድም ግን ትዕግሥት አጣ። በየልምምዱ እየመጣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ሲያንጎራጉር ልጆቹም አስተማሪዎቹም እጃቸው ተሳሰረ። ስምንተኛ ወጡ።

በትንሹ ኮር ደግሞ፣ ገና መስከረም ላይ፣ የመለከት አለቃው ስልክ አነሣና ለመምህርቷ ደወለላት። እንዲህ ያለ ስልክ በሕይወቱ ደውሎ አያውቅም።

«ልጆቹ እስትንፋስ ላይ ይሰበሩብኛል» አላት። «አንቺ ምን ታደርጊያቸው ነበር?»

«መለከቱን አስቀምጥ» አለችው። «ወለል ላይ በጀርባቸው አስተኛቸው። ሆዳቸው ላይ መጽሐፍ አኑርላቸው። መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አትናገር።»

«ሌላስ?»

«ስማቸውን ጥራ። በንድፉ ላይ ያለውን ቁጥራቸውን እየጠራህ እንደምትቆጣቸው ነግረውኛል።»

አለቃው አኩርፎ ስልኩን ዘጋ። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ግን መጻሕፍት ይዞ መጣ፤ የስልክ ማውጫ፣ የመኪና ጥገና መመሪያ፣ እጁ የገባውን ሁሉ። ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሙያ ያለው ሰው ሆነ፤ በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ውርርድ ያተረፈው እሱ ነው። ልጆቹ ያለፈውን ዓመት ውርደት ተቋቁመው ተመልሰው ነበር። የስመ ጥሮቹ ዝና ደግሞ አዳዲሶችን ሳበ፤ በኅዳር ሁለት መቶ ስልሳ ልጅ መጣ። ታናሹ ወንድም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ መለሰ። ከተመለሱት መካከል ሦስት ዓመት አብረውት የዞሩ ነበሩበት፤ ለእነሱ ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊው ነው፣ እሱ እንቢ ብሎ። በነሐሴ ኮሩ ስድስተኛ ወጣ።

«አስተማሪ ነው!» አለ ታላቁ።

«የትኛው አስተማሪ? ግማሾቹ ልጆች እኮ አዲስ ናቸው። አስተማሪው ልጅ ጠራ፣ ያሸነፈው ግን ልጁ ነው።»

«የጠራው ማን ሆነና?»

እዚህ ላይ ክርክሩ ድፍን ሆነ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ የሚደርሱት እዚሁ ነው፤ ብዙዎቹም ከዚህ ወዲያ ድምፃቸውን ከፍ ከማድረግ በቀር መንገድ አያገኙም። ወንድማማቾቹን የገላገላቸው የታላቁ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሰውየው ከሙዚቃ ጋር ዝምድና የለውም፤ ወረቀት ግን አይጥልም።

«ለፈተና የሚመጣ ልጅ ሁሉ ቅጽ ይሞላል» አለ። «ከታች በኩል ‹ከዚህ በፊት ማን አስተማረህ?› የሚል መስመር አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሞላ አይቻለሁ። ሲነበብ አላየሁም።»

ሣጥኖቹ ከመጋዘን ወጡ። ወንድማማቾቹ ከውርርዱ በፊት የነበሩትን ሃያ ዓመታት ቅጾች በታላቁ ሳሎን ወለል ላይ ዘረጉና፣ ተመርጠው ከተሰለፉት ልጆች መካከል ነባሮቹ በየዓመቱ «የዘንድሮው ምርጥ» ይሏቸው የነበሩትን ለዩ። ከዚያ ያችን መስመር ያነቡ ጀመር። ስሞቹ እንደጠበቁት ብዙ አልነበሩም። የአንድ ትልቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ባንድ መሪ ደጋግሞ መጣ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ ባንድ አለቃ መጣ። ሌላ አንድ ሁለት ስም። ከሁሉ ይልቅ ግን የመጣው የአንዲት ሴት ስም ነው። በእርሳስ ተጽፎ፣ በብዕር ተጽፎ፣ ፊደሉ ተሳስቶ፣ አንዳንዴ የአባት ስሟ ተረስቶ «የስድስተኛ ክፍል አስተማሪዬ» ተብሎ ብቻ።

ታናሹ ቀና አለ። «የኔዋ ናት» አለ።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አልወሰደባቸውም። ልጁ በአሥር ዓመቱ መለከት መያዝ የሚማረው ከእሷ ነው። አሥራ አራት ሲሞላው የታናሹ ኮር ውስጥ አስገብታ ሰልፍ ታስተምረዋለች። አሥራ ሰባት ሲሞላውና በእርግጥ መንፋት ሲችል ደግሞ የታላቁን ኮር ልብስ ቴሌቪዥን ላይ አይቶ፣ ዕቃውን ሸክፎ ወደዚያ ይሄዳል። ታላቁ ወንድም ሃያ ዓመት ያሸነፈው በወንድሙ አስተማሪ ነበር። ታናሹም ሃያ ዓመት የተሸነፈው በራሱ ሰው ነው።

«እኔ ደግሞ» አለ ታናሹ «ተሰጥኦ ያለው ልጅ እኔ ጋ አይመጣም እያልኩ አማርር ነበር።»

በማግሥቱ ታላቁ ብቻውን ወደ መምህርቷ ትምህርት ቤት ነዳ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከበሩ ወዲያ ሃያ ሁለት የአምስተኛ ክፍል ልጆች አንድ ድምፅ ሊነፉ ይሞክራሉ፤ የሚወጣው ሃያ ሁለት ነበር። ሲወጡ ገብቶ፣ የትምህርት ቤቱን ደመወዝ ሁለት እጥፍ እከፍልዎታለሁ፣ ትልቁን ኮር ዓመቱን ሙሉ ይያዙልኝ አላት።

«እኔ እርስዎ ጋ ከመጣሁ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ እርስዎ ጋ የሚመጣው ማን ነው?» አለችው።

መልስ አልነበረውም። ቼኩን ግን በእጁ እንደያዘ ነበርና፣ ሌላ የሚፈልጉት ነገር ካለ ብሎ ጠየቃት።

ጥቂት አሰበች። «በኅዳር የሚመልሷቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ልጆች አሉ» አለች። «ስምና አድራሻቸው አለዎት?»

«ቅጹ ላይ አለ።»

«እሱን ይስጡኝ።»

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ቼኩን ትቀበለው አትቀበለው እኔም አላውቅም፤ ብትቀበለው ደስ ይለኛል።

እውነተኛው የድረም ኮር ዓለም ይህን ክርክር በዳኞች ወረቀት ላይ ሳይቀር አትሞታል። የውድድሩ የበላይ አካል የሆነው ድረም ኮር ኢንተርናሽናል በ1971 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን አካሄደ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ዳኞቹ የሚሞሉት ወረቀት ነጥቡን በሁለት ይከፍላል፤ በአንድ ወገን ልጆቹ እንዲያደርጉት የተጻፈላቸው ነገር፣ በሌላው ወገን ያንን እንዴት አድርገው እንደፈጸሙት። ደራሲውና ነፊው ጎን ለጎን ይመዘናሉ ማለት ነው። ብልህ አከፋፈል ነው። ግን ወረቀቱ የሚያውቀው በዚያ ምሽት ሜዳ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ልጁ በአሥር ዓመቱ የተማረው ትንፋሽ የሚገባው «አፈጻጸም» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲገባ ደግሞ የልጁ ተሰጥኦ ይባላል።

አስተማሪ ይበልጣል የሚሉት ሰዎች የሚጠሩት ምስክር ጠንካራ መሆኑን አልክድም። የቦስተን ክሩሴደርስ በ1940 የተመሠረተ ኮር ነው። በ2016 አሥራ ሁለተኛ ነበር፤ የአስተማሪዎቹ ቡድን በሰፊው ተለወጠና በ2017 ስድስተኛ ወጣ። ከዚያም እየተጠጋ ቆይቶ በ2025፣ በተመሠረተ በ85 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ በላ። ይህን ታሪክ ሰምቶ «ልጆቹ ናቸው» ማለት ይከብዳል። ነገር ግን በትንሹ ኮር እንዳየነው፣ አዲስ ስም ሲመጣ አዲስ ልጅም ተከትሎ ይመጣል፤ ከቦስተን ዕድገት ውስጥ የትኛው ክፍል የንድፍ፣ የትኛው የልጅ እንደሆነ በንጹሕ ለይቶ የሚያሳይ ሚዛን የለም። ሁለቱን ለይቶ መመዘን ቢቻል ኖሮ ወንድማማቾቹም ባልተጣሉ።

ለእኔ የሚበልጠው ምስክር ከካሊፎርኒያዋ ኮንኮርድ ነው። መቀመጫው እዚያ የሆነው ብሉ ዴቭልስ ከ1976 ጀምሮ እስከ 2023 ድረስ 21 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የሚስተካከለው የለም። በ2014 ያገኘው 99.65 ነጥብ በፍጻሜ ከተሰጡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሰዎች ይህን ሲያስረዱ የአስተማሪዎቹን ጽናት ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ዌይን ዳውኒ የመለከቱን ሙዚቃ ለአሥርት ዓመታት ያቀናበረ ሰው ነው፤ በሌላ ኮር በየሁለት ዓመቱ አለቃ ሲለዋወጥ እዚያ ቤት ያው ጆሮ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ሌላው ነገር ግን ብዙ አይወራለትም። ድርጅቱ ከትልቁ ኮር በታች ቢ እና ሲ የሚባሉ ሁለት ታናናሽ ኮሮች አሉት። ገና ያልበሰለው ልጅ የሚገባባቸው ናቸው፤ ከዚያ ተነሥተው ትልቁ ኮር የደረሱ ልጆች አሉ። በምሳሌዬ ሁለት ወንድማማቾች የተካፈሉትን ሥራ ኮንኮርድ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦታል፤ መምህርቷንም ጭምር።

ተሰጥኦ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ያየ ሰው ያውቀዋል። በ2008 ፋንተም ሬጅመንት የተባለው ኮር ብሉ ዴቭልስን በ0.025 ነጥብ ሲያሸንፍ ያችን ሽርፍራፊ ያመጣው የማን ሰኮንድ እንደሆነ ማን ይናገራል? የአንዲት ልጅ አንድ ውርወራ፣ የአንድ ከበሮ መቺ ልበ ሙሉነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማንም አያስተምርም። የምለው፣ በኅዳር ፈተና ላይ ተሰጥኦ ተብሎ ከሚመዘገበው አብዛኛው የሌላ ሰው ያለፈ ሥራ መሆኑን ነው። «አስተማሪ ወይስ ልጅ?» ብለን ስንጠይቅ አስተማሪውን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ብቻ እንቆጥረዋለን፤ ልጁን ግን ከተወለደ ጀምሮ። ሒሳቡ ከመነሻው ዘንበል ያለ ነው።

ይህ ደግሞ የሙዚቃ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በየሠፈሩና በየደብሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ኮሮች ነበሩ፤ የዘማቾች ማኅበራት፣ ካቶሊክ አጥቢያዎች፣ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ያቆሟቸው። የመጣውን ሁሉ የሚቀበሉ፣ መንፋት የማይችለውን የሚያስነፉ። ዛሬ የቀሩት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትልልቆቹ ግን ከበፊቱ ይልቅ ያማሩ፣ የሰለጠኑ፣ ውድ ሆነዋል። ትንንሾቹ ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁን በብዛት የተሸከሙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የቴክሳስ የሁለተኛ ደረጃ ባንዶች ብቻ ስንቱን ልጅ አዘጋጅተው ወደ ትልልቆቹ ኮሮች እንደላኩ ሜዳው ያውቃል። የቴክሳሱ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አግኝቶታል። የዚያ ሰው ደመወዝ የሚወሰነው በከተማው የትምህርት ቦርድ የበጀት ስብሰባ ላይ ነው፤ የኮር መሪዎች ያ ስብሰባ የሚካሄድበት ቀን መቼ እንደሆነ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም።